አብደላ ያልወለዳት ሴት

ዓመቱ በሂጅራ አምስት መቶ ሠላሳ አንድ ነበር፤ ወሩ ረጀብ። ወይስ ሠላሳ ሁለት? ሹዓይብ ነገሩን ባስታወሰው ቁጥር እዚህ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሠላሳ አንድ ዳህላክ ላይ አንድ ጠብታ ያልወረደበት ዓመት ነው፤ ረይሓና ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ የሥራ መጠለያ ስትመጣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጭቃ ተለውሶ ነበር። ጭቃ ካለ ዝናብ ነበረ ማለት ነው። እንግዲያው ሠላሳ ሁለት ነው። ግን ደግሞ ጉድጓዱ ሲደርቅ ወርዳ ዝቃጩን የምትጠርገው እሷ ናት፤ ጭቃው የድርቅ ጭቃ ሊሆንም ይችላል። እንግዲያው ሠላሳ አንድ ነው። እንዲህ እያለ ሁለቱን ዓመታት እንደተጣሉ ጎረቤታሞች ሲያሟግት ይቆይና ሳይፈርድ ይተዋቸዋል።

በሌላ ሰው ቢሆን አያስገርምም። የሹዓይብ ሥራ ግን ዓመት መጻፍ ነው። የደሴቲቱን ሙታን ቀን፣ ወርና ዓመት በጥቁር ድንጋይ ላይ ሲቀርጽ ዕድሜውን ፈጅቷል፤ የተሳሳተው አንዴ ብቻ ነው፣ ያንንም ሟቹ አላነሣበትም። የሰው ሁሉ ቀን በእጁ ነው። የራሱ የሆነ አንድ ቀን ቢኖረው ግን እሱን አያውቀውም።

ድንጋዩ የሚመጣው ከባሕሩ ማዶ ነው። ከባድ ስለሆነ ጀልበኞቹ ጀልባቸው እንዳይዋልል ከሥር ይጭኑታል፤ ስለዚህ የዳህላክ ሰው ኋላ ራስጌው የሚቆምለትን ድንጋይ በሕይወት ሳለ ከእግሩ በታች አድርጎ ሳይጓዝበት አልቀረም። የደሴቲቱ የራሷ ድንጋይ የባሕር ድንጋይ ነው፤ ነጭና ቀላል፣ በጥቂት ዓመት የሚረግፍ። እሱ የድኃ ነው። የሹዓይብ መጠለያ ከመስጊዱ ወደ መቃብሩ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበርና ሰው ሁሉ ሲያልፍ ቆም ብሎ ማን እንደሞተ፣ ምን እንደተጻፈለትና ምን እንደቀረበት አይቶ ይሄዳል።

ሰው ድንጋይ ላይ የሚወጣው ከአባቱ ጋር ነው። ከየመን የተሻገሩት ነጋዴዎች አባቶቻቸውን እንደ ሉል በክር ሰክተው ነው የሚመጡት፤ እነሱን መቅረጽ ጣት ያደነዝዛል እንጂ ራስ አያሳምምም። የሚያስቸግረው ሌላው ነው። ከሐበሻ ደጋ፣ ከኖባ፣ ከቤጃ ምድር በልጅነቱ ተሽጦ የመጣ፣ ሰልሞ፣ ነፃ ወጥቶ፣ አንዳንዴም ከጌታው ልጆች በልጦ ከብሮ የሞተ ሰው አባቱ ማን ይባል? አባትየው አልሰለመም፤ ስሙም ለቃዲው ጆሮ አይመችም፤ ብዙ ጊዜም የሚያውቀው የለም። ልማዱ ለዚህ መላ አለው፤ «የአብደላ ልጅ» ተብሎ ይጻፋል። አብደላ የአላህ ባሪያ ማለት ነውና የዋሸ የለም፣ ያፈረም የለም። በዚህ የተነሣ በዳህላክ መቃብር የአብደላን ያህል የወለደ አባት አይገኝም። በአንድ ሳምንት ከኖባ ወንድ፣ ከደጋው ሴት፣ ከህንድ መንታ የወለደበት ጊዜ ነበር። ሹዓይብ አንዳንዴ መሮውን አስቀምጦ ይህን ሰው በሐሳቡ ያየዋል፤ ከወደብ ወደብ የሚሮጥ፣ ላብ ያጠመቀው፣ የልጆቹን መልክ የማያውቅ ሽማግሌ።

ረይሓና ከመስጊዱ ጀርባ ያለው የትልቁ ጉድጓድ ጠባቂ ነበረች። በስድስት ወይ በሰባት ዓመቷ ከደጋው ወርዳ፣ የመን ወዳለው ዘቢድ ልትሻገር ጀልባ ስትጠብቅ ንዳድ ያዛት። ነጋዴው ባሕር ላይ ሞታ ከምታከስረኝ ብሎ ለአንድ የሉል ነጋዴ ቤት ጥሏት ሄደ። ስሟንም ያወጣላት ያ ቤት ነው። ለባሪያ የሽቶና የአበባ ስም መስጠት የቤቱ ወግ ነበር፤ ከእሷ በፊት የነበረችው ሚስክ፣ ከእሷ በኋላ የመጣችው ዐንበር ትባል ነበር፤ ሁሉም የዓሣ ሽታ ነበራቸው። ለሠላሳ ዓመት ከፈጨች፣ ካጠበች፣ የሰው ልጅ ካሳደገች በኋላ ጌታዋ ሊሞት ሲያጣጥር «ነፃ ነሽ» አላት። እሷ ግን ያን ጊዜ ከንፈሩን በውኃ እያራሰችለት ነበርና ሥራዋን ጨርሳ ነው ነፃ የወጣችው።

ከዚያ ወዲህ መጥረጊያ ይዛ ጉድጓዱ ዘንድ ገባች። ዝናብ ሲቃረብ ውኃው የሚወርድበትን አለት ከፍየል በጠጥና ከአሸዋ ታጸዳለች፤ ሲሞላ ትጠብቃለች፤ ሲጎድል በራሷ ቅል እየለካች ታድላለች። ወረፋው የእሷ ነው። ተራ አልፎ የሚመጣ ሲኖር አትጮህም፤ መዳፏን ወደ ውጭ ዘርግታ ታነሣለች፤ ያ መዳፍ ሲነሣ የሱልጣኑ ግመል እንኳ ይቆማል። ሱልጣኑ ደሴቲቱን ይገዛሉ ይባላል፤ ውኃ ለመቅዳት የተሰለፈ ሰው ግን ማን እንደሚገዛ ያውቃል።

ያን ቀን እንግዲህ በጭቃ እግሯ መጠለያው ገባችና ያልተቀረጸ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ሹዓይብ፣ ድንጋይ ፈልጌ ነው።»

«አላህ ያጽናዎት አክስቴ። ማን ሞተ?»

«እኔ።»

«ቁጭ ብለው እያየሁዎት?»

«ታዲያ ተኝቼ ልዘዝህ? ልጅ የለኝ፣ ባል የለኝ። ስሞት የጌቶቼ ልጆች አንድ የባሕር ድንጋይ ስባሪ ራስጌዬ ይሰኩልኛል፣ በማግስቱ ፍየል በቀንዷ ትጥለዋለች። እኔ ጥቁሩን ነው የምፈልገው። የማይረግፈውን።»

«ጥቁሩ እኮ...»

«ስማ፣ ሳትጨርስ ልንገርህ። ነፊሳ ከዛሬ ጀምራ ወረፋ አትጠብቅም። እኔ እስካለሁ ድረስ እንስራዋን ይዛ ቀጥ ብላ ወደ ፊት ትመጣለች።»

ሹዓይብ ሚስቱ ነፊሳ በየማለዳው ከወረፋ ስትመለስ የምታወርድበትን እርግማን አሰበ። የሱልጣኑ ግምጃ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ከፍሎት አያውቅም።

«ይሁን» አለና ከሰል አነሣ። ድንጋዩ ላይ በከሰል እየሞነጫጨረ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብብላት ጀመር፤ ሥራው ሲጀመር ለቤተ ሰብ የሚያደርገው እንዲህ ነው። «ቢስሚላህ ብለን፣ የተለመደውን ጽፈን፣ ከዚያ ‹ይህ የረይሓና መቃብር ነው፤ አባቷም አብደላ›...»

«ቁም! አብደላ ማነው?»

«ልማድ ነው አክስቴ።»

«ልማድ አልወለደኝም። እኔ አባት አለኝ፤ አባቴም ስም አለው።»

«አባትዎ ሙስሊም ነበሩ?»

«አባቴ ንብ ያረባ ነበር።»

«ሙስሊም ነበሩ ወይ ነው ያልኩት።»

«እኔም የጠየቅኸኝን ነው የመለስኩልህ። ንብ ነበር ሥራው። ቀፎ ሲያወርድ ወድቆበት እዚህ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው። ማር ሲቆርጥ ጣቱን ነክሮ ያልሰኝ ነበር። ሲመሽ ከኮረብታው ላይ ሆኖ በፉጨት ነበር የሚጠራኝ፤ ከብቱም እኔም በአንድ ፉጨት ነበር የምንገባው።» ከእግሯ ላይ ጭቃ ፈቀፈቀችና ደግሞ፣ «ይኼን ሁሉ ያደረገው አብደላ አይደለም» አለች።

«እሺ፣ ስማቸውን ይንገሩኝና ልየው።»

«ቦታው ሲደርስ እነግርሃለሁ።»

«አሁን ቢነግሩኝስ?»

«ስድሳ ዓመት ለማንም አልተናገርኩትም። ‹የማን ልጅ ነሽ› እያለ ጌታዬ ሲገርፈኝ አልተናገርኩትም። ዛሬ ላንተ ብነግርህ ለነፊሳ ትነግራታለህ፣ ነገ ወረፋው ላይ ሕፃን ሁሉ ሲቀባበለው እሰማለሁ። ስሙ ከአፌ ወጥቶ የሚያርፈው ድንጋዩ ላይ ነው። አንተ እስከዚያ ድረስ ቅረጽና ቦታውን አዘጋጅልኝ።»

ሹዓይብ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነበር። የትኛውም ድንጋይ ቃዲው ሳያነብቡት አይቆምም። የአንድ የኖባ አናጢ ልጆች ከቃዲው ተደብቀው ያቆሙት ድንጋይ ተሰብሮ ስባሪው ለጀልባ ማሠሪያ ሲሆን አይቷል። ይህን ሲነግራት «እንግዲያው ቃዲውን ጠይቃቸው፤ አፍ የላቸውም?» ብላው መጥረጊያዋን አንሥታ ሄደች።

ከቃዲው ጋር ለመገናኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። በዚያው ሰሞን የሱልጣኑ አጎት ሞተው ነበርና ቃዲ ሙፈረጅ በየቀኑ መጠለያው ይመጡ ነበር። የአጎትየው ጉዳይ ቀላል አልነበረም። ቤተ ሰቡ የሰጣቸው የአባት ዝርዝር አምስት ነው፤ የዘቢዱ ገዥ አባት ድንጋይ ላይ ግን ሰባት እንዳለ አንድ መርከበኛ አውርቷል። ሱልጣኑም ከዘቢድ የሚያንስ ነገር መስማት አልፈለጉም።

ሁለቱም ጥላው ሥር ተምር እየበሉ ተቀመጡ።

«ሁለት ይጎድሉናል» አሉ ቃዲው። «አምስተኛው ማን ነበር?»

«ያሕያ።»

«የያሕያ አባት ማን ሊሆን ይችላል?»

«ሰው ሳይሆን አይቀርም።»

«ስም ያለው ሰው በል እንጂ።»

በመንገዱ ዓሣ ሻጩ ጃቢር እየጮኸ ሲያልፍ ቃዲው ጆሯቸውን ቀሰር አደረጉ። «ጃቢር» አሉ። «ጥሩ ስም ነው። የቆየ ይመስላል።»

«የጃቢርስ አባት?»

ቃዲው ዙሪያውን ተመለከቱ። ከግራሩ ሥር የታሰረው ግመላቸው እያመሰኳ በትዝብት ያያቸው ነበር። ግመሉ መርዙቅ ይባላል። ቃዲው ጥቂት አሰቡና «መርዙቅ» አሉ፤ ከዚያም ለህሊናቸው ያህል «በዚያ ዘመን የተለመደ ስም ነበር» ብለው ጨመሩበት። የሱልጣኑ አጎት እንዲህ ሆነው በአንድ ረፋድ ሁለት አያት አገኙ፤ ከሁለቱ አንዱ ገና እያመሰኳ ነበር።

ሹዓይብ ድፍረት የመጣለት ያን ጊዜ ነው። የረይሓናን ነገር ከሥሩ አጫወታቸው።

«ምን ያስፈልጋታል?» አሉ ቃዲው። «አብደላ እኮ ውሸት አይደለም። ሰው ሁሉ የአላህ ባሪያ ነው። አባቷም ወደደም ጠላም ባሪያው ነበር።»

«እንዲያ ከሆነማ ለሱልጣኑም አጎት አብደላ ብለው በአንድ ቃል በገላገሉኝ። ሰባት አባት ከምቀርጽ ጣቴ በተረፈልኝ።»

ቃዲው የተምሩን ፍሬ ከአፋቸው አውጥተው አዩት።

«ሹዓይብ፣ ያንተ አባት ማን ነበር?»

«ዩሱፍ። ያውቋቸዋል፤ መሮ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው።»

«ድንጋዩ ላይ የዩሱፍ አባት ማን ተባለ?»

ሹዓይብ የመሮውን ስለት በጣቱ ይዳስስ ጀመር። አባቱ የሞቱት እሱ ገና ሚስት ሳያገባ ነው። ዕቃቸውን እንደያዙ፣ አንድ ፊደል ሳይጨርሱ፣ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ድንጋያቸውን የቀረጸው እሱ ነው። «አባቱም» የሚለው ጋ ሲደርስ እጁ ሳያስብ፣ ሳይቆም፣ እንደ ልማዱ አብደላ ብሎ ጻፈ። ከቀረጸው በኋላ ነው ለካ አባቱን ጠይቋቸው እንደማያውቅ ትዝ ያለው። ከዘቢድ ነው የመጣሁት ይሉ ነበር። ወደ ዘቢድስ ከየት መጡ? ዓሥራ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ድንጋይ ሲመቱ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃቸውም። ጊዜ ያለ መስሎት ነበር።

«እንግዲህ እህትህ ናት ማለት ነዋ» አሉ ቃዲው እየሳቁ። «ሁለታችሁም የአብደላ ናችሁ። እስቲ ላስብበት።»

ቃዲ ሙፈረጅ ሲያስቡ ለክፉ ነው። ረመዳን መጥቶ ሄደ፤ እያሰቡ ነው። የሉል ጠላቂዎች ወጥተው ተመለሱ፤ እያሰቡ ነው። የሱልጣኑ አጎት ድንጋይ ከነሰባት አባቶቻቸው ቆሞ፣ ከምጽዋ የመጡ እንግዶች የመርዙቅን ስም በአክብሮት አነበቡ። የረይሓና ድንጋይ ግን ከመጠለያው ግድግዳ ተደግፎ «ይህ የረይሓና መቃብር ነው፤ አባቷም» ይልና ይቆማል። ከሥሩ አንድ መስመር ባዶ ነው።

ረይሓና በየጁምዓው ትመጣለች። መጥረጊያዋን በሩ ላይ አስደግፋ፣ ባዶው መስመር ላይ እጇን ታሳርፋለች።

«ቦታው ይበቃ ይሆን?»

«ስሙ ረጅም ነው አክስቴ?»

«እንደ አጠራሩ ነው።»

«ፊደሉን ብቻ ይንገሩኝ፣ በምን ይጀምራል?»

«ቃዲህን አስጨርስ አንተ።»

ባዶውን መስመር ሌሎችም አዩት። የደሴቲቱ ሴቶች መጀመሪያ ቆመው ይተዛዘቡ ነበር፤ ከዚያ አንዷ እጅግ ከማክበር የተነሣ ስሙ የማይጻፍ ሰው መሆን አለበት አለች። በሳምንቱ ድንጋዩ ላይ ቅቤ ተቀብቶ ተገኘ። ሹዓይብ አጠበው። በሳምንቱ ደግሞ ቅቤ ከነክር መጣ። ማህፀኗ የተዘጋባት አንዲት የጠላቂ ሚስት ነክታው ስትሄድ አረገዘች፤ ባሏ ከስምንት ወር ጉዞ በዚያው ሰሞን መመለሱን ያነሣ ሰው የለም። ረይሓና ይህን ስትሰማ እየሳቀች፣ «ገና ሳልሞት ይህን ካደረግሁ ስሞት ተጠንቀቁ» አለች።

ነፊሳ በበኩሏ ወደ ፊት እየቀደመች ውኃ ትቀዳለች፤ ጀርባዋ ላይ የሚወረወረውንም ነገር ሁሉ ሰምታ እንዳልሰማች ትመለሳለች። አንድ ቀን እንስራዋን ስታወርድ፣

«ይቺ ሴት ግን ስሙን የምታስታውሰው ይመስልሃል?» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔ በስድስት ዓመቴ አባቴን ‹አባ› ነበር የምለው። ስም እንዳለው ያወቅሁት አንተ ልታገባኝ ስትመጣ ሽማግሌዎቹ ሲጠሩት ነው። ጠባሳውን ታውቃለች፣ ማሩን ታውቃለች፣ ፉጨቱን ታውቃለች። ስሙን ማን ጠርቶት ትስማ? ልጅ ነበረች እኮ።»

«ታስታውሳለች» አለ ሹዓይብ ቆጣ ብሎ። «የዛሬ ሃያ ዓመት ማን ከማን ቀድሞ እንደቀዳ የምታስታውስ ሴት የአባቷ ስም ይጠፋታል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እንዲያው ነው ያልኩት።»

እንዲያው ያለችው ነገር ግን ከሹዓይብ ጋር ዋለ፣ ከሹዓይብ ጋር ሰነበተ። በቀጣዩ ጁምዓ ረይሓና ባዶው መስመር ላይ እጇን ስታሳርፍ አያት። ጣቶቿ አንድ ነገር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ወይም ቅቤውን እየጠረገች ነው። ሊጠይቃት አፉን ከፍቶ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዴት እንደሚጀመር ስላላወቀ ስለ ነፋሱ አወራት።

በመጨረሻ ለቃዲው ሐሳብ የረዳው መጽሐፍ አልነበረም፤ ውኃ ነው። ጉድጓዱ ሲጎድልና ወረፋው ሲረዝም ረይሓና የቃዲውን አሽከር እያየች ተራውን ታሳልፍበት ጀመር። በሕግ አልበደለችውም፤ እሱ በደረሰ ቁጥር ከኋላው አንዲት ነፍሰ ጡር ወይም አንድ ሽማግሌ ታገኛለች፤ ነፍሰ ጡር ስትጠፋ የሙአዚኑን አህያ ታስቀድማለች። የቃዲው እንስራ ከቀኑ መጨረሻ ላይ፣ ከዝቃጩ ጋር ይመጣል። በዓሥረኛው ቀን ቃዲው አሸዋ ባለበት ውኃ ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ሕጉ ተገለጠላቸው።

ከዙህር ሶላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሹዓይብ!» ብለው ተጣሩ። «ብዙ መረመርኩበት። ነቢዩ ኢብራሂም አባታቸው ያላመነ ሰው ነበር፤ ስሙ ግን ከመጠራት አልቀረም። የሴትዮዋን አባት በስሙ ጻፈው። የፈለገው ስም ይሁን። ፈቅጃለሁ።» ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዛሬውኑ ንገራት፤ አሽከሬን ወደ ጉድጓዱ ልኬዋለሁ» አሉት።

ሹዓይብ መንገር አላስፈለገውም፤ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደርሷል። ወደ መጠለያው ሮጠ። የድንጋዩን ቅቤ በአመድ አሸው፤ መሮውን ሳለ፤ ለረይሓና ምንጣፍ አነጠፈ። የሚደንቀው ነገር ባዶውን መስመር ሦስት ጊዜ በክር ለካው። ስንቱን ሱልጣንና ነጋዴ በአንድ ልኬት የጨረሰ ሰው ለአንድ ንብ አርቢ ሦስት ጊዜ ለካ። ከዚህ ደሴት ድንጋዮች ሁሉ ለእሱ የሚለዩት ሁለት ናቸው፤ የአባቱን ድንጋይ አበላሽቶታል፣ ይህን ግን አያበላሸውም።

ጠበቃት። ጥላው ከግድግዳው ወርዶ ድንጋዩ ጋ ደረሰ። አልመጣችም። ምናልባት ወረፋው በዝቶባት ይሆናል ብሎ መሮውን እንደያዘ ወደ ጉድጓዱ ሄደ።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሶ የማያውቅ ነገር አየ። ወረፋ የለም። ሴቱና አሽከሩ እንስራና ስልቻ እያጋጨ ይጋፋል፤ የቃዲው አሽከር አንዲት አሮጊት በቅል ራሱን መትታው ይነጫነጫል። መጥረጊያው ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ቅሏ ከችንካሩ ላይ ተሰቅላለች፤ ታጥባ።

«ረይሓናስ?»

«ሄዳለች» አለች ነፊሳ፤ ከግፊያው መሀል መጎናጸፊያዋን እየሰበሰበች ወጣች። «ዕቃዋን በአንዲት ጨርቅ ቋጥራ ነው የሄደችው። ጀልበኛው ያቁት ጀልባውን ወደ ምጽዋ ይወስዳል ሲባል ሰምታለች።»

«ቃዲው መፍቀዳቸውን አልሰማችም እንዴ?»

«እኔ እራሴ ነኝ የነገርኳት። ‹እልል በይ አክስቴ፣ አባትሽ ሊጻፍልሽ ነው› አልኳት። ከእኔ ጋር የነበሩትም እልል አሉላት።»

«ምን አለች?»

«የያዘችውን እንስራ እስከ አፉ ሞላች። ከዚያ ቅሏን አጠበቻትና ሰቀለቻት። ‹ደጋው እስኪደርሱ ስንት ቀን ይፈጃል?› ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔ ምን አውቄ? ሄደች።» ነፊሳ ባሏን አየችው። ያን ቀን ስለ ስሙ ያነሣችውን ጥርጣሬ አላነሣችበትም፤ ግን ሁለቱም ያንኑ አሰቡ።

ሹዓይብ ሮጠ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው፣ ከተቀመጠበት የማይነሣ፤ በባሕር ድንጋይ ላይ በባዶ እግር ሲሮጥ ያዩት የሞተ ሰው ተነሥቶ ያባረረው መሰላቸው። እየሮጠ ጥያቄውን በአፉ ያዘጋጅ ነበር። መጀመሪያ የያዘው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ስማቸው ማነው? ወደቡ ሲቃረብ ግን ሌላኛው ቀደመው። ስሙን ይዘውት ነው የሚሄዱት ወይስ ሊፈልጉት? እዚያ ኮረብታ ላይ ያን ንብ አርቢ የሚያስታውስ አንድ ሽማግሌ ቀርቶ እንደሆነ ጠይቀው ሊመለሱ ነው? ወይስ ስድሳ ዓመት የጠበቁት ቦታ ተከፍቶ ሲያዩት የሚያስቀምጡበት አጡ? የትኛውም ቢሆን እሱ አይታዘባትም። ይህንንም ሊነግራት ፈልጎ ነበር። የራሴን አባት አልጠየቅሁም፣ አሁን ግን እጠይቃለሁ፤ ቢያውቁትም ባያውቁትም ድንጋዩ ይጠብቅዎታል።

ደረቅ ዓሣና የኤሊ ቅርፊት የጫነው የያቁት ጀልባ ከዳርቻው በዘንግ ተገፍቶ አልፏል። ሁለት ሰው ተጠራርቶ ከማይሰማማበት ርቀት ገና አልደረሰም። ረይሓና የዓሣው ጆንያ ላይ፣ ቋጠሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ማዶ አዙራ ተቀምጣለች። ከተቀረጸላት ድንጋይ ያነሰች ትመስል ነበር።

ሹዓይብ ውኃው ጉልበቱ እስኪደርስ ገባ። መሮው አሁንም እጁ ላይ ነው።

«አክስቴ!»

ዞረች። ለየችው። መሮውንም አየችው። ለአንድ አፍታ ልትናገር የፈለገች መሰለው፤ ወይም የነፋሱ ነገር ነው።

ሹዓይብ ጥያቄውን ሊያወጣ አፉን ሲከፍት ረይሓና እጇን አነሣች፤ መዳፏን ወደ ውጭ ዘርግታ፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ ለስንቱ እንደምታነሣው አድርጋ። ሹዓይብ ቆመ። ያ መዳፍ ሲነሣ ሁሌም ሰው እንደሚቆመው ቆመ።

ያቁት ሸራውን ለቀቀው፤ ነፋሱ ሞላበት፤ ጀልባዋም አፈር ወዳለበት ማዶ ፊቷን አዙራ ሄደች።